ከተማው ለልጄ ይሆናታል ወይ?

መስከረም 12 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉልህ? ሰላም ያክርማችሁ፣ ቤታችሁን ክፉ አይይባችሁ። እኛ ተመስገን ነው፣ አለን። ከተጻጻፍን ሦስት ዓመት ሆነን። ለምን ዝም አልክ ብዬ አልወቅስህም፤ እኔም ዝም ብያለሁ።

ዓይኔ ከድቶኛል። ግራው ከጠፋ ቆየ፣ ቀኙም አምና ተከተለው። አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ስለተውኩ የስፌት መኪናዬን ጨርቅ አልብሼ ብርጭቆ ደርድሬበታለሁ። ስለዚህ እኔ እየተናገርኩ ይህን የምትጽፈው ልጄ ናት፤ ያንተንም የምታነብልኝ እሷው ናት። ጽሕፈቱ ካማረ የሷ ነው፣ ነገሩ ከተንጋደደ የኔ።

የጻፍኩልህም ስለ እሷ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ተምራ ጨርሳለች። እዚህ ግን ሥራው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ጥርስ የሌለው ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ግን ድዱን አስለምዶታል። እናንተ ከተማ ላለ አንድ የጥርስ ላቦራቶሪ የሠራችውን ልካ አይተውላት "ነይ" ብለዋታል። እስከ ግንቦት ቦታውን ያቆዩላታል። ልቧ ሄዷል፣ እዚህ የቀረው እግሯ ነው። እኔ ደግሞ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ከዘመድ መካከል እዚያ አሥራ ስድስት ዓመት የኖርክ አንተ ነህ። የከተማው ጥሩው ምንድን ነው? መጥፎውስ? ለልጄ ይሆናታል ወይ? ሳትደብቅ ጻፍልኝ። በስልክ አልፈልግም። ሰው በስልክ አፉ ላይ የመጣውን ነው የሚናገረው፣ ሲጽፍ ግን ያስባል።

ሰላምታዬ ይድረስህ።
እታለም


ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ለእታለም፣

ጤና ይስጥልኝ። የዓይንዎን ነገር ስሰማ በጣም አዘንኩ። ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኛ ደህና ነን። እኔም እዚያው የአሳንሰር ጥገና ሥራዬ ላይ ነኝ፤ በየፎቁ ሰው ይዞ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሳጥን እንጠግናለን። አሁን ስምንት ሰው ከሥሬ አለ።

ስለ ከተማው ሳልደብቅ ልጻፍልዎ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትመጣው፣ ያውም ሰው ሁሉ ሥራ ሲሄድ ጠብቃ። ቤት አከራይ ዓመት ሳይሞላ ይጨምራል፤ "ለምን?" ሲሉት "ከፈለግክ ልቀቅ" ነው መልሱ። ጠዋት ለአውቶቡስ ሰልፍ አንድ ሰዓት፣ ማታ ደግሞ አንድ ሰዓት። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ሁሉ ወንዝ ነው። አቧራ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ሌባ አለ። ሰው ሲወድቅ ዘሎት የሚያልፍ አለ።

ጎረቤት የሚባል ነገርም የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ አሳንሰር ውስጥ ስድስተኛና ሰባተኛ ፎቅ መሃል ተይዘው አርባ ደቂቃ ቆዩ። በሩን ፈልቅቄ ሳወጣቸው እየተሳሳቁ ነው። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ግድግዳ የተጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የተዋወቁት ያን ዕለት ተቆልፎባቸው ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን፣ ከተማው ሰውን ይለውጣል እታለም። ደህና ልብ ይዞ የመጣ ሰው ቀስ በቀስ ራሱ የማያውቀው ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ልጅዎ ጥሩ ልጅ ናት። አጠገብዎ ብትሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚህ ጋር አምስት ሜትር ጨርቅና ክር ልኬያለሁ። ከውጭ የመጣ ነው፣ አይለቅም።

አክባሪዎ


ኅዳር 20 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህን ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። መጥፎውን ቆጥራ አሥር አደረሰችው። ጥሩው የት ሄደ? እንዲህ ያለ ገሃነም ከሆነ አንተን አሥራ ስድስት ዓመት ምን ይዞህ ተቀመጥክ? ገመድ ነው? ይህን ያለችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ግን ስቄያለሁ።

ጨርቁ ደርሶኛል፣ እጅህ ይባረክ። ዳሰስኩት፣ መልካም ጨርቅ ነው። ዓይኔ መርፌ እንደማያይ ጽፌልህ ክር መላክህ ገርሞኛል። ምናልባት ሳታነበው አልፈኸው ይሆናል። ለጎረቤት መምህርት ሰጥቻታለሁ፣ ለልጇ ታሰፋበት።

ሰው ይለወጣል ያልከውን ብዙ አሰብኩበት። ልጄን ጠራሁና "አንቺ፣ ከተማ ብትሄጂ ትለወጫለሽ?" አልኳት። "እማዬ፣ ካልተለወጥኩማ ለምን እሄዳለሁ?" አለችኝ። 

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ከፈቀድክ የመጀመሪያውን አንድ ወር ቤትህ አስጠጋት። መሬት ላይ ፍራሽ ብትዘረጋላት ይበቃታል፤ መንገዱን እስክትለምድ ነው። ግድ ሆኖብኝ እንጂ አንተን መለመን ደስ አይለኝም። እንቢ ካልክም እወቀው፣ አልቀየምህም።

እታለም


ጥር 28 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ለእታለም፣

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጥሩውንም ልጻፍ እንጂ። ሥራ አለ፤ እጁ የሚያውቅ ሰው ጾሙን አያድርም። የማታ ትምህርት አለ። እኔ ራሴ ቀን ብሎን እየፈታሁ፣ ማታ ተምሬ ነው እዚህ የደረስኩት። ሴት ልጅ ብቻዋን ክፍል ብትከራይ "ምን ሆና ነው?" የሚል የለም። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንም ሳይጠይቅ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይቻላል። ሐኪምም ቅርብ ነው። ያኔ እርስዎ ዓይንዎን የታከሙበት ሆስፒታል አሁን ተስፋፍቶ ሁለት ፎቅ ተጨምሮበታል፣ አሳንሰሩን የገጠምነው እኛ ነን።

ስለ ማረፊያው ግን ትንሽ ተቸግሬያለሁ። ቤቱን ቀለም እያስቀባን ነው። የባለቤቴ እናትም መጥተው እኛ ዘንድ ናቸው። ልጆቹም ፈተና ላይ ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታዬ ነበር።

አክባሪዎ


የካቲት 6 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቤት ያልኩትን እንዳላልኩት ቁጠረው። አንዱ ምክንያት ይበቃኝ ነበር፤ ሦስት መደርደር አልነበረብህም።

ሆስፒታሉን ስታነሳ ልጄ ማንበቧን አቁማ "እዚያ መታከምሽን ማን ነገረው? ሄጄ አላገኘሁትም ብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ። ወሬ እግር አለው አልኳት። እንደዚያው ይሆናል።

ደህና ሁን።
እታለም


የካቲት 14 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ይህን የምታነቢላቸው እህቴ፣ መጀመሪያ አንቺን ልለምንሽ። አንድም ቃል ሳታስቀሪ እስከ መጨረሻው አንብቢላቸው። ካንቺ አፍ መውጣቱ ቅጣቴ ነው። ሌላ የሚያነብላቸው ሰው ቢኖር አንቺን ባላስቸገርኩሽ።

እታለም፣ "አላገኘሁትም" ብለዋል። አግኝተውኛል።

እናቴ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቅርብ ዘመድ ሁሉ "እስቲ እናያለን" ሲል እርስዎ የእናቴ የአጎት ልጅ ብቻ ሆነው ሳሉ መጥተው ወሰዱኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አራት ዓመት ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተኛሁ። ለትምህርት ቤት ሱሪዬን ከደንበኛ ቁራጭ እያገጣጠሙ ሰፉልኝ። ወፍራም ስለነበርኩ "ድንቡሼ" ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ይህን እዚህ ለማንም አልተናገርኩም። ያሳደገኝ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ለአለቃዬም፣ ለባለቤቴም። እንዲህ ያለ ዳይሬክተር የለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ተመርቆ ሁለቱን አሳንሰሮች ለእንግዶች የማሳየው እኔ ነበርኩ። ኃላፊ ከሆንኩ አሥር ቀኔ ነው። የሕንፃው ባለቤት፣ አለቃዬና እንግዶቹ መግቢያው ላይ ቆመዋል። እርስዎ ግራ ዓይንዎ በፋሻ ታስሮ፣ የሆስፒታሉ ስም ያለበት የመድኃኒት ፌስታል ይዘው እኔን ሲጠይቁ፣ ጥበቃው "ያውልዎ" ብሎ አስገባዎት። ከበሩ ጀምረው "ድንቡሼ! አንተ ድንቡሼ! ምነው እንዲህ ከሳህ?" እያሉ መጡ።

ሰዎቹ ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፣ አሁን ሳስበው ደስ ብሏቸው ነው የሳቁት። የሕንፃው ባለቤት "ታውቃቸዋለህ እንዴ?" አለኝ። "አይ፣ ተሳስተው ነው" አልኩ። ወደ እርስዎ ዞሬ "ተሳስተዋል እናቴ" አልኩ።

አዩኝ። ከዚያ "ይቅርታ የኔ ጌታ፣ ዓይኔ ታስሮ ነው፣ የዘመዴን ልጅ መስለኸኝ ነው" አሉኝ። የኔ ጌታ አሉኝ።

እንግዶቹን ይዤ ገባሁ። በሩ ለመዝጋት ስድስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ያስተካከልኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። በሩን ከፍቶ የሚይዘው ቁልፍ ከጣቴ ሥር ነበር። አልተጫንኩትም። ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቼ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሁ፣ ተጨበጨበልኝ። ስወርድ አልነበሩም። ተከትዬ አልወጣሁም። በማግስቱ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። "ዓይናቸው ታስሮ ነበር፣ በትክክል አላዩኝም" እያልኩ ራሴን ስደልል ሦስት ዓመት ኖርኩ። "አላገኘሁትም" ብለው ለልጅዎ መንገርዎን ሳነብ ነው ያ መደለያ ያለቀብኝ።

ከተማውን ያማሁት ልጅዎ እንዳትመጣ ነው። ከመጣች ባለቤቴን ታገኛለች፣ ባለቤቴ ትጠይቃታለች፣ ነገሩ ይወጣል ብዬ ነው። ቀለም እያስቀባን አይደለም።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። የሆነውን ግን ጻፍኩ።


መጋቢት 30 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ቶሎ ያልመለስኩት የምጽፍበት እጅ ስላልነበረኝ ነው። ልጄ መሃል ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጣ ወጣች። የቀረውን በማግስቱ ነው ያነበበችልኝ፣ እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሳትተነፍስ። ሲያልቅ "ሦስት ዓመት ዋሸሽኝ" አለችኝ። በስተርጅና በልጄ ፊት ውሸታም ሆኜ ተቀመጥኩ። አንተ ሸክምህን አወረድክ፣ እሰየው። ያወረድከው ግን እኔ ቤት ነው።

አሁን የኔን ስማ። የታሰረው ግራ ዓይኔ ነበር። ቀኙ ያኔ ጤነኛ ነው፤ በሱ መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ነበር። አገጭህ ላይ ያለችውን፣ ከጠረጴዛው ስትወድቅ የተሰፋችውን ምልክት ሳይቀር አይቻለሁ። ከመናገርህ በፊትም ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ። "ዓይኔ ታስሮ ነው" ያልኩት ሰዎቹ አንተን ማየት ሲጀምሩ ነው።

ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ወደየት እንደምሄድ ጠፋኝ። ያፈርኩት ባንተ እንዳይመስልህ፣ በራሴ ነው ያፈርኩት። "አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ልጅ በሥራ ቦታው፣ በአለቆቹ ፊት፣ በልጅነት ስሙ ይጠራል? ፌስታልሽን ይዘሽ ማን ነይ አለሽ?" እያልኩ። ለልጄም የደበቅኩት ለዚህ ነው። አንተን ለመሸፈን ብቻ አይደለም፤ የተጣልኩ ዕቃ መሆኔን ልጄ እንዳታውቅብኝ ነው። ሁለት ዓመት ጥፋቱን የኔ አድርጌ ኖርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ብርጭቆ ሳጥብ "እኔ ምን አጠፋሁ?" አልኩ፤ ለካ ምንም አላጠፋሁም።

ደግሞም ጥፋትህን ለከተማው አታሸክመው። ከተማው "ተሳስተዋል እናቴ" አላለኝም። እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለቅስ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ እጄን ይዛ፣ እስከ አውቶቡሱ አደረሰችኝ። ፋሻዬ ረጥቦ ነበርና በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት። እሷም የከተማው ሰው ናት። ይህን አንተ ጥሩው ውስጥ አልቆጠርከውም።

ይቅር ብያለሁ። ያልኩትም ዛሬ አይደለም፣ ብርጭቆውን ያጠብኩ ዕለት ነው። የድሮ ስምህን ግን ከኔ አትጠብቅ፣ አፌ እንቢ ይለኛል።

ልጄ ትመጣለች። ማረፊያ አግኝታለች፣ ካንተ የምንፈልገው የለም።

እታለም

ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። ግንቦት 3 ቀን ጠዋት በአውቶቡስ እገባለሁ። ይህን የጻፍኩልዎ እንዲቀበሉኝ ብዬ አይደለም፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ነው።
ልጃቸው


ግንቦት 17 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ጤናዎን ያብዛልዎ። ልጅዎ ደህና ገብታለች። ጽፋልዎት ይሆናል፣ የኔንም ልጨምር።

አውቶቡስ ተራ ሄጄ ጠበቅኳት። ስታየኝ አልደነገጠችም፣ ደስም አላላትም። አንድ ሻንጣና አንድ ከባድ የእንጨት ሳጥን ይዛለች፤ ሰሙና ትንንሽ ቢላዎቿ ናቸው። ሻንጣውን ሰጠችኝ፣ ሳጥኑን ግን ከልክላኝ ራሷ ተሸከመች። የተከራየችው ክፍል አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ግን ፀሐይ ያስገባል። ቧንቧውን ከፍታ ውሃ ስታይ "እድለኛ ነኝ" አለች። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር ነው፤ አልነገርኳትም።

ታች ወርደን ሻይ ጠጣን። እኔ ብዙ ለፈለፍኩ። ይቅርታ አልኳት፣ የጻፍኩትን ደገምኩላት። እሷ ብርጭቆዋን እያዞረች ሰማችኝና "ባለቤትዎ ያውቃሉ?" አለችኝ።

"ገና አልነገርኳትም" አልኩ።

"ታዲያ ለማን ነው የተናዘዙት? እናቴማ ዱሮውንም ታውቀው ነበር።" ተነሳች። የሻዩን ከፍላ "እናቴ ይቅር ብላለች። እኔ ገና ነኝ" ብላኝ ደረጃውን ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት ሥራ አልሄድኩም። ባለቤቴ ከመድኃኒት ቤቷ እስክትመለስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠረጴዛውን፣ ሱሪውን፣ የሌለውን ዳይሬክተር፣ አሳንሰሩን። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቆማ ሰማችኝ። የምትቆጣው በድህነቴ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን "ለዳይሬክተሩ እኮ ሲሞት አብሬህ አልቅሻለሁ" አለችኝ። እውነቷን ነው። በተጋባን በአራተኛው ዓመት ላይ ውሸቱ ሲከብደኝ በወሬ ገድዬው ነበር። አብራኝ አልቅሳለታለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ምሳና ስለ ልጆቹ ካልሆነ አታናግረኝም። ትናንት ግን ድንገት "ሴትዮዋ አሁን ማን ነው የሚያያቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር።

የጠየቁኝን ጥያቄ ዛሬ በቅጡ ልመልስ። ከተማው ለልጅዎ ይሆናታል። ውሃው ያስቸግራታል፣ ሰልፉ ያደክማታል፣ ብቸኝነቱም አንዳንድ ቀን ያስለቅሳታል። ግን በሁለተኛው ሳምንቷ የፊት ጥርስ ብቻዋን እንድትሠራ ሰጥተዋታል፤ ይህን የነገረችኝ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ፣ ሳቋን እየደበቀች ነው። መጥፎ ያልኩዎት ሁሉ እውነት ነው። ሰው ይለውጣል ያልኩት ብቻ ውሸት ነበር።

ሐምሌ ላይ ዕረፍት አለኝ። ልምጣ? ቤትዎ መግባት ባይፈቅዱልኝ በር ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። እንቢ ቢሉኝም ይገባኛል።

አክባሪዎ


ሰኔ 4 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣

ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ መምህርት ናት፤ ልጄ እዚያ አይደለች? ስለዚህ ብዙ አልናገርም።

ና። ብቻህን ግን አትምጣ። ባለቤትህንና ልጆችህን ይዘህ ና። በር ላይ የሚቆም ሰው አልፈልግም፣ ቁጭ ትላለህ። ምን እንደሆንኩህም እዚሁ፣ እኔ ፊት፣ አንተው ትነግራቸዋለህ። እኔ እሰማለሁ።

እታለም